አጭር ግጥም እንዴት ይተነተናል? ቤቱን፣ ምጣኔውንና ድባቡን ደረጃ በደረጃ

«መምህር፣ ግጥሙን ተንትኑ ተባልን፤ ከየት እንጀምር?» ሐዋሳ የማስተምራቸው ልጆች በየሴሚስተሩ ይህን ይጠይቁኛል። ከክፍሌ ከወጡ በኋላም በቴሌግራም የሚጠይቁኝ አሉ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከስሜቱ አትጀምሩ። መጀመሪያ በጆሮ ስሙ፣ ቀጥሎ ቁጠሩ፣ ከዚያ ቤቱን ለዩ፣ ስለ ስሜቱ የምትናገሩት በመጨረሻ ነው። ከስሜቱ የጀመረ ተማሪ «ግጥሙ ያሳዝናል» ብሎ ይቆማል፤ ለምን እንደሚያሳዝን የሚያሳይበት ማስረጃ በእጁ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግጥሙ በእጃችሁ የተገለበጠበት ወረቀት፣ በስንኝና በስንኝ መካከል ሁለት መስመር ክፍት ተትቶ። ምልክቱ ሁሉ የሚሰፍረው እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ነው።
- እርሳስና ላጲስ። ቆጠራ ስለሚሰረዝ በእስክሪብቶ አትጀምሩ።
- ሁለት ባለቀለም እስክሪብቶ፣ አንዱ ለቤቱ፣ ሌላው ለድባቡ።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- የአማርኛ መዝገበ ቃላት።
- ጮክ ብላችሁ ብታነቡ የማታፍሩበት ቦታ። የባጃጅ ጥሩምባ የማይደርስበት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

የምንሠራበት ግጥም

ይህን ግጥም ለዚህ መመሪያ ብዬ የጻፍኩት ነው። ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሞ ያየ ሰው ቦታውን ያውቀዋል።

ጀልባው ተመለሰ ፥ ጎሕ ሲቀድ ማለዳ፤
እናቴ ቆማለች ፥ እንደ ሩቅ እንግዳ።
ዓሣው ተቆጠረ ፥ መረቡም ታጠፈ፤
የርሱ መቅዘፊያ ፥ ብቻውን አረፈ።
ሐይቁ ዝም እንዳለ ፥ ነፋስም ሳይነካው፤
ምን ይመልስ ይሆን ፥ ቀስ ብላ ብትጠራው?

በዚህ መመሪያ አንዱን ሙሉ መስመር «ስንኝ»፣ የስንኙን ግማሽ «ሐረግ»፣ አንድ አናባቢ ይዞ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን የቃል ክፍል «ቀለም» እላለሁ። «ምጣኔ» በየሐረጉ ያለው የቀለም ልክ ነው፤ «ቤት» የስንኞች መጨረሻ ድምፅ መግጠም ነው (እንደ «የወል ቤት» ባሉ ስሞች ውስጥ ግን «ቤት» የምጣኔው ስም ነው)፤ «ድባብ» በግጥሙ ውስጥ ያለው አየር ነው። መምህራችሁ በሌላ ስም የሚጠራቸው ከሆነ የእሱን ያዙ፤ ብቻ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስም አትቀያይሩ።

ደረጃ 1፦ ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ

የመጀመሪያውን ለትርጉሙ፣ ሁለተኛውን ለድምፁ አንብቡ። ሦስተኛውን በስልካችሁ እየቀዳችሁ አንብቡና መልሳችሁ አዳምጡት። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ምንም አትጻፉ።

ይህን የምናደርገው የአማርኛ ፊደል ጥብቀትን ስለማያሳይ ነው። በሲዳሙ አፎም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ስለሚጻፍ ዓይን ያየዋል። በአማርኛ ግን «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «እስካሁን» የሚለው ቃል የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቆጠራ በጥብቀት ላይ ስለሚቆም፣ በዓይን ብቻ ያነበበ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል።

ደረጃ 2፦ የሆነውን ነገር በሁለት ተራ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ያለ ምንም ማሳመር ጻፉት። ለእኛ ግጥም ይህ ይበቃል፦ «ማለዳ ላይ አንድ የዓሣ ጀልባ ተመልሷል፤ የተናጋሪው እናት ዳር ቆማለች። ዓሣው ተቆጥሮ መረቡ ሲታጠፍ የአንድ ሰው መቅዘፊያ ግን ያለ ሰው ቀርቷል።»

ማስጠንቀቂያ፦ ግጥሙ ያላለውን አትጨምሩ። «ወንድሙ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። «ወንድም» የሚል ቃል የት አለ? «ሰጠመ» የሚልስ? ያለው «የርሱ» ብቻ ነው፣ ያ «እሱ» ማን እንደሆነም አልተነገረም። ግጥሙ ሆን ብሎ የሸሸገውን እናንተ ከገለጣችሁት፣ በኋላ ስለ ድባቡ የምትጽፉት ዋና ማስረጃ ከእጃችሁ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ስንኝ ለሁለት ሐረግ ክፈሉ

የተቀዳውን ድምፃችሁን እያዳመጣችሁ ትንፋሻችሁ የምታርፍበት ቦታ ላይ ዘንበል ያለ መስመር ጣሉ። እኔ ከላይ በ«፥» ለይቼላችኋለሁ፤ በመጽሐፍ የታተመ ግጥም ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፣ ወይም ሰፋ ያለ ክፍተት ብቻ ይተዋል። የአማርኛ ግጥም ምጣኔ የሚሰየመው በሁለቱ ሐረጎች የቀለም ቁጥር ስለሆነ ሳይከፍሉ መቁጠር ድካም ብቻ ነው። ቃል መሃል ላይ አትክፈሉ።

ደረጃ 4፦ ቀለሙን ቁጠሩ

ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ፊደል አትቁጠሩ። ከላይ ያለው ግጥም ሦስተኛ ስንኝ 14 ፊደል ነው፣ ስድስተኛው ደግሞ 18። በቀለም ግን ሁለቱም እኩል 12 ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሳድስ ፊደል ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦

ሀ. ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ሁልጊዜ አንድ ቀለም ናቸው። እንደ «ሏ» እና «ቷ» ያሉት ዲቃላ ፊደላትም እንዲሁ።

ለ. ቃል የሚጀምር ሳድስ ይቆጠራል፦ «ምን»፣ «ዝም»፣ «ብላ» ውስጥ ያሉት «ም»፣ «ዝ»፣ «ብ»።

ሐ. ቃል የሚዘጋ ሳድስ ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ተዳብሎ ይሄዳል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። «ጀልባው» አራት ፊደል ነው፤ ቀለሙ ግን ሁለት፦ ጀል | ባው። «ትምህርት» አምስት ፊደል ይዞ ሁለት ቀለም ነው፦ ትም | ህርት።

መ. መሃል ላይ ያለ ሳድስ እንደ አነባበቡ ነው። «እንግዳ» ውስጥ «ን» ከ«እ» ጋር ትሄዳለች፤ «ግ» ግን ራሷን ችላ ትሰማለች፦ እን | ግ | ዳ፣ ሦስት። «መቅዘፊያ» ላይ «ቅ» ራሷን ችላ አትሰማም፦ መቅ | ዘ | ፊ | ያ፣ አራት።

ሠ. ቃል መሃል ባለ ሳድስ ላይ ጥብቀት ካለ ቁጠሩት። «ሰብሮ» እና «ፈልጎ» በወረቀት ላይ ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። «ሰብሮ» ሁለት ቀለም ነው፦ ሰብ | ሮ። «ፈልጎ» ግን «ል» ስለምትጠብቅ ሦስት ይሆናል፤ «ፈል» ብላችሁ «ል»ን ደግማችሁ ታነሡና «ጎ» ትላላችሁ። ጮክ ብላችሁ አወዳድሯቸው። ይህን አንዴ የሰማ ጆሮ አይረሳውም።

የተጠራጠራችሁ ጊዜ መዳፋችሁን ከአገጫችሁ ሥር አድርጉና ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉ፤ አገጭ ወደ ታች የሚገፋበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀለም ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ስንኝ እንሥራ፦

ጀል | ባው | ተ | መ | ለ | ሰ ፥ ጎሕ | ሲ | ቀድ | ማ | ለ | ዳ

6 እና 6። የቀሩትን አምስት ስንኞች ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ሁሉም 6 + 6 ይመጣሉ። ካልመጣላችሁ ወደ ደንብ «መ» እና «ሠ» ተመለሱ፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለት አናባቢ ሲገጣጠም አንባቢ አንዱን ሊውጠው ይችላል። «በአሞራ ገደል» ተለይቶ ሲነበብ ስድስት ቀለም ነው፣ «ባሞራ ገደል» ተብሎ ሲዋጥ አምስት። የትኛውን ልያዝ? በዙሪያው ያሉትን ስንኞች እዩ። እነሱ ስድስት ከሆኑ ለይታችሁ አንብቡ፣ አምስት ከሆኑ ዋጡት፤ እንዲህ እንዳነበባችሁም በጽሑፋችሁ አንድ መስመር ጨምሩ። ፈታኙ በሌላ መንገድ ቢያነበው እንኳ አካሄዳችሁን ያያል።

ደረጃ 5፦ ምጣኔውን ሰይሙ

ቁጥሩ ከተገኘ ስያሜው ቀላል ነው።

- 4 + 4፦ ቡሄ በሉ። ለምሳሌ «ባጃጅ መጣ ፥ ሰው ጫነና»።
- 5 + 5፦ ሰንጎ መገን። ለምሳሌ «ዝናቡ መጣ ፥ ሰማዩ ዞረ»።
- 6 + 6፦ የወል ቤት። የእኛ ግጥም።
- 8 + 8፦ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የፀጋዬ ቤት የሚባለው።

ሌላም አለ፤ ለአጫጭር ግጥሞች ግን እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። ቁጥሩ ከአንዱም ጋር ካልገጠመ በግድ አታስገቡት፤ «ስንኞቹ በአንድ ምጣኔ አይሄዱም» ብላችሁ የእያንዳንዱን ቁጥር ጻፉ። አምስቱ ስንኝ እኩል ሆኖ አንዱ ብቻ ቢያጥር ወይም ቢረዝም ደግሞ ያን አንዱን አክብቡት። ገጣሚው እዚያ ላይ ምን እያለ እንደነበር ማየት ለድባቡ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 6፦ ምቱን አዳምጡ

ቁጥር እኩል ሆኖ አካሄድ ሊለያይ ይችላል። ይህን ደረጃ ዘልሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አንድን ትንታኔ ከሌላው የሚያስበልጠው ይህ ይመስለኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ በየስንኙ ያሉትን ቃላት ቁጠሩ። ሦስተኛው ስንኝ አራት ቃል ብቻ ነው፣ «ዓሣው ተቆጠረ መረቡም ታጠፈ»። አራተኛውም አራት። ረጃጅም ቃላት ስለሆኑ በአንድ ጉዞ ይነበባሉ፤ ሥራው በልማድ ሲሠራ ይሰማል። ስድስተኛው ስንኝ ግን ያንኑ 12 ቀለም በስድስት ቃል ይቆራርጠዋል፦ ምን፣ ይመልስ፣ ይሆን፣ ቀስ፣ ብላ፣ ብትጠራው። በየቃሉ መካከል ትንሽ ትንሽ እረፍት አለ፤ ንባቡ ይዘገያል። እናትየዋ ቀስ ብላ ብትጠራ ተብሎ ሲታሰብ ስንኙም አብሮ ቀስ ይላል። ምጣኔ ከድባብ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በዚህ ታሳያላችሁ።

ደረጃ 7፦ ቤቱን ለዩ

በአንዱ ባለቀለም እስክሪብቶ የየስንኙን የመጨረሻ ፊደል አክብቡ፦ ዳ፣ ዳ፣ ፈ፣ ፈ፣ ው፣ ው። ተመሳሳዮቹን በአንድ ምልክት ሰይሙ። የእኛ ግጥም «ሀ ሀ፣ ለ ለ፣ መ መ» ነው፤ ሁለት ሁለት ስንኝ እየተከተለ ቤት ይመታል። አንዱን እየዘለለ የሚመታ ግጥም ቢሆን «ሀ ለ ሀ ለ» ትሉት ነበር።

ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውን ድምፅ እዩ። ቤት መምታት ጠንካራና ላላ ያለ ስላለ ይህን ሳታዩ «ቤት ይመታል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

«ማለዳ» እና «እንግዳ» የሚጋሩት «ዳ»ን ብቻ ነው፤ ከፊቷ አንዱ «ለ» ሌላው «ግ» ነው። ላላ ያለ ቤት ነው። «ታጠፈ» እና «አረፈ» ግን «ፈ»ን ከመጋራታቸው በላይ ከፊቷ ያሉት «ጠ» እና «ረ» ሁለቱም ግዕዝ ናቸው። ጆሮ ላይ ገጠም ብሎ ይዘጋል።

መጨረሻው ሳድስ ከሆነ ከፊቱ ያለውን ድምፅ ማየት ግዴታ ነው፤ ሳድሱ ብቻውን ቤቱን አይሸከምም። «ሳይነካው» እና «ብትጠራው» በ«ው» ይዘጋሉ፤ ቤቱን የሚያቆሙት ግን ሁለቱም ራብዕ የሆኑት «ካ» እና «ራ» ናቸው። «ሳይነካው»ን «ጠራችው» ከሚል ቃል ጋር ብታጋጥሙት መጨረሻው ያው «ው» ነው፤ ጆሮ ግን አይቀበለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤት የድምፅ ነው እንጂ የፊደል አይደለም። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ፀ» እና «ጸ» በመልክ ቢለያዩም ቤት ይመታሉ። በቃል ግጥም ደግሞ «ት» ከ«ች»፣ «ን» ከ«ኝ»፣ «ስ» ከ«ሽ» ጋር ሲገጥሙ ታገኛላችሁ፤ ይህን «ተቀራራቢ ድምፅ» ብላችሁ መዝግቡት እንጂ «ቤቱ ተበላሽቷል» አትበሉ።

በመጨረሻ፣ ቤት የመቱትን ቃላት ከግጥሙ አውጥታችሁ ጎን ለጎን ጻፏቸው። «ታጠፈ፣ አረፈ»። ሁለቱም የማብቃት ቃላት ናቸው። «ሳይነካው፣ ብትጠራው»። አንዱ ያልሆነ ነገር ነው፣ ሌላው ቢሆን ተብሎ የታሰበ። ቤቱ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሐሳብም ሲያጣምር ካያችሁ ያዙት፤ ካላያችሁ ግን አትፍጠሩ። «ማለዳ» ከ«እንግዳ» ጋር ምን የተለየ ዝምድና እንዳለው ለማሳየት የሚታገል ሰው ጊዜውን ያባክናል።

ደረጃ 8፦ ድባቡን በማስረጃ ያዙ

ሁለተኛውን ባለቀለም እስክሪብቶ አንሡ። አሁን አራት ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱን ከቃል ጋር አያይዙ።

ግሦቹ ምን ይሠራሉ? «ተቆጠረ»፣ «ታጠፈ»። ቆጣሪውና አጣፊው አይታዩም። ሰው ሥራውን ይሠራል፤ ግጥሙ ግን ፊቱን አያሳየንም።

ምን ድምፅ ይሰማል? ምንም። ጠዋት አሞራ ገደል የሄደ ሰው ግርግሩን ያውቀዋል፦ ዓሣ የሚበልቱት፣ ዋጋ የሚከራከሩት፣ ፍርፋሪ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች። በግጥሙ ውስጥ ግን ሐይቁ ዝም ብሏል፣ ነፋስ የለም፣ እናትየዋም ገና አልተጣራችም። ስለ ቦታው ያላችሁን እውቀት እንዲህ ተጠቀሙበት፤ ግጥሙ የተወውን ለማየት እንጂ የሌለበትን ለመጨመር አይሁን።

ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አለ? «አረፈ»። መቅዘፊያው ተቀመጠ ማለት ነው፤ «አረፈ» ስለ ሰው ሲባል ግን ሞተ ማለት ነው። ኅብረ ቃል ነው። ግጥሙ ሞትን በቀጥታ አልጠራም፤ ቃሉን ግን መቅዘፊያው ላይ አስቀምጦታል። በደረጃ 2 «ሞተ» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ይህን ኅብር ለማየት ዕድል አይኖራችሁም ነበር።

ተውላጠ ስሞቹ ማንን ያመለክታሉ? «ብትጠራው» የሚለው «ው» ሐይቁን ሊሆን ይችላል፣ ያልተመለሰውን ሰውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ለዩ። ድባብ በግጥሙ ውስጥ ያለው አየር ነው። ቃና ተናጋሪው የሚናገርበት ድምፅ ነው። ሦስተኛው እናንተ ያደረባችሁ ስሜት ነው። በእኛ ግጥም ድባቡ የጭንቅና የዝምታ ነው፤ ቃናው ግን የተረጋጋ ነው፣ ተናጋሪው አያለቅስም፣ «ወይኔ» አይልም። የሁለቱ አለመመሳሰል ራሱ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። የራሳችሁን ስሜት ካልተጠየቃችሁ አትጻፉት።

ደረጃ 9፦ አገናኝታችሁ ጻፉ

አንድ አንቀጽ ይበቃል። ምጣኔ፣ ቤት፣ ድባብ ብላችሁ በሦስት ሳጥን አትለያዩት፤ የቅርጹን ነገር ስታነሡ ለድባቡ ምን እንዳደረገ እዚያው ተናገሩ። ለምሳሌ፦

«ግጥሙ ስድስት ስንኝ ያለው ሲሆን በወል ቤት (6 + 6) የተጻፈ ነው። ቤቱ ሁለት ሁለት ስንኝ እያጣመረ (ሀ ሀ፣ ለ ለ፣ መ መ) ይሄዳል። ምጣኔው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይናጋ መሄዱ የተናጋሪውን የተረጋጋ ቃና ይደግፋል፤ ጭንቀቱ የሚገኘው ከዚያ መረጋጋት በታች ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ በጥቂት ረጃጅም ቃላት ፈጠን ብለው ሲያልፉ፣ ‹ታጠፈ› እና ‹አረፈ› በጠንካራ ቤት ይዘጓቸዋል። ‹አረፈ› የሚለው ኅብረ ቃል የመቅዘፊያውን መቀመጥና የባለቤቱን ሞት በአንድ ላይ ያስጠረጥራል። የመጨረሻው ስንኝ በስድስት አጫጭር ቃላት ተቆራርጦ ንባቡን ያዘገየዋል፤ በጥያቄ ስለሚያልቅም እናትየዋ በኋላ ትጥራ አትጥራ አንባቢ አያውቅም።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ከግጥሙ ቃል ጋር ያልታሰረ አስተያየት የለም። የእናንተንም በዚሁ መርምሩት፦ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር «የት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጣታችሁን የምታስቀምጡበት ስንኝ ካጣችሁ ሰርዙት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ፊደል ቆጥሮ ምጣኔ መሰየም። ፈታኝ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው።
- አንድ ስንኝ ብቻ ቆጥሮ ስለ ግጥሙ ሁሉ መናገር። ቢያንስ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ቁጠሩ፤ ግጥሙ አጭር ከሆነ ሁሉንም።
- «ቤት ይመታል፣ ስለዚህ ያምራል» ማለት። ቤቱ ምን እንደሠራ አልተነገረም።
- የገጣሚውን የሕይወት ታሪክ ማስገባት። ጥያቄው ስለ ግጥሙ ነው። «እናቴ» የሚለው ተናጋሪም የግድ ገጣሚው አይደለም፤ «ተናጋሪው» ብላችሁ ጻፉ።
- ግጥሙን በስድ ንባብ መልሶ መተረክ። የደረጃ 2ቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር መንደርደሪያ ነው፣ ትንታኔው ውስጥ አይገባም።
- ድባቡን በአንድ ቃል መዝጋት። «አሳዛኝ» ከማለት «ያልተነገረ ሐዘን»፣ «የመጠበቅ ጭንቀት» ማለት ይሻላል፤ ጠባብ ቃል ማስረጃ ለመፈለግ ያስገድዳችኋል።
- በስልክ ተገልብጦ የመጣን ግጥም እንዳለ ማመን። አንድ ፊደል ሲወድቅ ቆጠራው ይዛባል። አንዱ ስንኝ ብቻ አልገጥም ካለ ከመተንተናችሁ በፊት ከታተመው ጋር አስተያዩት።